የያኪቶሪ ቤት ማዕድና የካምፒሎባክተር ሕመም

በጃፓን ከተሞች ሥራ በሚያበቃበት ሰዓት በባቡር ጣቢያዎች አካባቢ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚደርሰው የከሰል ጭስና የሚጠበስ ሥጋ ሽታ ነው። ሽታው የሚመጣው ያኪቶሪ ከሚባለው ምግብ ነው። ቃሉ ሲተረጐም «የተጠበሰ ወፍ» ማለት ሲሆን፣ ምግቡ በጉርሻ መጠን የተቆራረጠ የዶሮ ሥጋ በቀርከሃ ስንጥር ተሰክቶ በፍም ላይ የሚጠበስ ነው። የሚሸጥባቸው ቤቶች በአብዛኛው ጠባቦች ናቸው፤ ጠባሹ ከባንኮኒው ጀርባ ይቆማል፣ ተመጋቢዎቹም ፊት ለፊቱ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ዋጋቸው ለተማሪና ለደመወዝተኛ የሚከብድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1985 በኦሳካ ክፍለ ሀገር የተጀመረውና ዛሬ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፎች ያሉት ቶሪኪዞኩ ምግቡንም መጠጡንም በአንድ ወጥ ዋጋ በመሸጥ ይታወቃል። ዋጋው ለረጅም ዓመታት 280 የን ሆኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 298 የን ከፍ ብሏል፤ ከዚያ ወዲህም ተጨምሮበታል።

ለሥልጠና ወደ ጃፓን የሚሄድ የሀገራችን የጤና ባለሙያ፣ አስተናጋጆቹ እራት ሲጋብዙት ከሚወስዱት ስፍራ አንዱ ይህ ቤት መሆኑ አይቀርም። ስለሆነም በዚያ ማዕድ ላይ ምን እንደሚቀርብ፣ የትኛው ያለ ሥጋት እንደሚበላና የትኛው ጥንቃቄ እንደሚያሻው ማወቁ ይጠቅመዋል። ከዚህም በላይ የያኪቶሪ ቤት ካምፒሎባክተር የተባለውን ባክቴሪያ ጠባይ ለመረዳት ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

በማዕዱ ላይ የሚቀርበው

ከዶሮዋ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሞሞ የሚባለው የታፋ ሥጋ ነው። ኔጊማ የታፋ ሥጋና ባሮ ሽንኩርትን የሚመስል ረጅም ሽንኩርት እየተፈራረቁ የሚሰኩበት ነው። ትሱኩኔ ከተፈጨ ሥጋ የሚድቦለቦል ሲሆን፣ ካዋ ቆዳ፣ ሃትሱ ልብ፣ ሬባ ጉበት፣ ናንኮትሱ ለጋ አጥንት ነው። ሳሳሚ ደግሞ ከደረት ሥጋ ሥር የሚወጣው ስብ የሌለው ስስ ሥጋ ነው። ተመጋቢው ሺዮ ካለ በጨው ብቻ፣ ታሬ ካለ ከሶያ ሶስና ከስኳር በተዘጋጀ ወፍራም መረቅ ተቀብቶ ይቀርብለታል። ሁለቱም ጨው ይበዛባቸዋል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ልብ ይበል። ሳይታዘዝ አስቀድሞ የሚመጣው ትንሽ ሳሕን ኦቶሺ ይባላል፤ ስጦታ መስሎት የሚደሰት እንግዳ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ሒሳቡ ላይ ይደመራል።

በጃፓን የሙያው ሰዎች ዘንድ «መሰካት ሦስት ዓመት፣ መጥበስ ዕድሜ ልክ» የሚል አባባል አለ። ለሥጋው ጣዕም የተባለ ቢሆንም ለጤናም ትርጉም አለው። በአንድ ስንጥር ላይ ያሉት ቁራጮች መጠናቸው እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያርር ትልቁ መካከሉ ጥሬ ይሆናል። በተለይ ኡባሜ ከተባለው የባሉጥ ዝርያ ተከስሎ የሚዘጋጀውና ቢንቾታን የሚባለው ጠንካራ ከሰል ነበልባሉ ትንሽ፣ ሙቀቱ ግን ብርቱና የማይዋዥቅ በመሆኑ ሥጋው ሳያርር ውስጡ ድረስ እንዲበስል ይረዳል። የጃፓን ጤና ጥበቃ ባለሥልጣናት ለዶሮ ሥጋ የሚያስቀምጡት መለኪያ መካከሉ በ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። በሚገባ የተጠበሰ ስንጥር ይህን ያሟላል፤ በዚህ ሁኔታ የቀረበ ሞሞ ወይም ኔጊማ የሚፈራ ምግብ አይደለም። ትሱኩኔ ጥቂት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሥጋ ሲፈጭ በገጹ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ ላዩ መቅላቱ ብቻ በቂ ምልክት አይሆንም።

ያልበሰለው ዶሮ

ችግሩ የሚነሣው በሌላ ሳሕን ነው። በአንዳንድ ያኪቶሪ ቤቶች ሳሳሚ ላዩ ብቻ ነጣ እስኪል በእሳት ታይቶ፣ ውስጡ ሮዝ እንደሆነ ዋሳቢ ተቀብቶ ይቀርባል። ጉበትም መካከሉ እርጥብ እንደሆነ የሚወደድበት ቤት አለ። ቶሪሳሺ የሚባለው ደግሞ በስስ የተቆረጠ ጥሬ የዶሮ ሥጋ ነው፤ በተለይ በደቡብ ጃፓን በካጎሺማና በሚያዛኪ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ እነዚህ ክፍለ ሀገሮች ለጥሬ በሚቀርበው ዶሮ አስተራረድና አያያዝ ላይ የራሳቸውን መመዘኛ አውጥተዋል።

አንባቢው ጥሬ ዶሮ ሲባል ፊቱን ቢያጨፈግግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ክትፎና ቁርጥ የምንወድ እኛ ለመፍረድ የምንቸኩልበት ጉዳይ አይደለም። የኮሶ ትል ከእኛ ጋር ስንት ዘመን እንደኖረ እናውቃለን። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ዶሮ የማይነካ ሥጋ ሆኖ በወጥ ብዙ ሰዓት የሚበስል መሆኑ ነው፤ ካምፒሎባክተር በዚያ ድስት ውስጥ አይተርፍም። በእኛ ማዕድ ቤት ሥጋቱ ያለው ከድስቱ በፊት፣ ዶሮዋ ተበልታ በሎሚና በጨው ደጋግማ ስትታጠብ ነው። የሚረጨው ውኃ ወደ መክተፊያው፣ ወደ ቢላዋውና በአጠገቡ ወዳለው ሰላጣ ይደርሳል።

በጃፓን ጥሬ ሥጋን የሚመለከቱት ሕጎች የወጡት አንድ በአንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮሪያ አሠራር የተዘጋጀ ጥሬ የበሬ ሥጋ የበሉ ሰዎች ደም የሚያስቀምጥ ኢ. ኮላይ ይዟቸው አምስት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ለጥሬ የበሬ ሥጋ ጥብቅ መመዘኛ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሬ የበሬ ጉበት ለምግብነት መሸጥ ተከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥሬ የአሳማ ሥጋ ተከተለ። ጥሬ ዶሮ ግን በሀገር አቀፍ ደረጃ አልተከለከለም። ካምፒሎባክተር እንደ ኢ. ኮላይ ወዲያው ስለማይገድል ይመስለኛል። ሆኖም በጃፓን በባክቴሪያ ምክንያት ከሚደርሰው የምግብ መመረዝ ውስጥ በክስተት ብዛት የሚመራው እርሱ ሲሆን፣ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ ወደ 300 የሚጠጉ ክስተቶችና ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕሙማን ይመዘገቡ ነበር። በምዝገባ ውስጥ የማይገቡት ከዚህ እንደሚበዙ ማንም ሐኪም ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደይ ወራት በቶኪዮና በፉኩኦካ በተደረጉ የሥጋ በዓላት ላይ በሚገባ ያልበሰለ ሳሳሚ በሩዝ ላይ ተደርጎ ሲሸጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል።

«ዛሬ የታረደ ነው»

ጥሬ ዶሮ የሚያቀርብ ሰው መከላከያው አንድ ነው፤ ሥጋው ትኩስ ነው፣ ዛሬ የታረደ ነው ይላል። ይህ አነጋገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ በልኳንዳ ቤት በር ላይ ስንሰማው ኖረናል። ለካምፒሎባክተር ግን ፈጽሞ አይሠራም፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው ሥጋ ሲያድር የሚፈጠር ሳይሆን በጤነኛ ዶሮ አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። ዶሮዋ ስትታረድና ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ ወደ ሥጋው ይተላለፋል። ለመራባት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀትና አነስተኛ ኦክስጅን ስለሚፈልግ በሥጋ ገጽ ላይ አይራባም፤ አየርና ድርቀት ሲነኩት እንዲያውም ቀስ በቀስ ቁጥሩ ይቀንሳል። በመሆኑም በጣም ትኩስ የሆነው ሥጋ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ በብዛት የሚገኝበት ሊሆን ይችላል። ለሕመም የሚያበቃውም መጠን ጥቂት መቶ ባክቴሪያ ብቻ ነው። ጉበት ደግሞ ገጹን ብቻ በእሳት በማሳየት አይጸዳም፤ ባክቴሪያው በጉበቱ ውስጠኛ ክፍልም ይገኛልና። በረዶ ማድረግ ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

በሕክምና ክፍል

ሕመሙ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ታማሚው እራቱን ከረሳው ሰንብቷል፤ ከጠረጠረም የሚጠረጥረው የትናንቱን ምሳ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት መቆረጣጠም ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሰው በዚህ ሰዓት ወደ እኛ ቢመጣ የወባና የታይፎይድ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ይህ ስሕተት አይደለም፣ ግን በዚያ ብቻ መቆም የለበትም። የሆድ ቁርጠቱ በቀኝ በኩል ሲበረታ የትርፍ አንጀት በሽታ መስሎ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚላክ ታማሚም አለ።

ባክቴሪያው በተለመደው የሰገራ ካልቸር አያድግም። እንግሊዛዊው ሐኪም ማርቲን ስኪሮ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቅማጥ ተራ መንስኤ መሆኑን እስኪያሳዩ ድረስ ብዙ ላቦራቶሪዎች ሳያዩት የኖሩትም ስለዚህ ነው። የተለየ ማሳደጊያ፣ አነስተኛ ኦክስጅንና 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ በስም ካልጠየቀ ላቦራቶሪው አይፈልገውም። ሕክምናው በዋናነት ፈሳሽ መተካት ነው። ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልገው ሕመሙ ለጠናበት፣ ደም ለሚያስቀምጠውና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ሲሆን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በብዙ አገሮች ስለተስፋፉ አዚትሮማይሲን ይመረጣል።

አብዛኛው ታማሚ በሳምንት ውስጥ ይድናል። ከሺህ አንድ ያህሉ ግን ተቅማጡ ካለፈ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ እግሩ ይዝልበታል፤ ድካሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጅማት ሪፍሌክስ ይጠፋል። ይህ ጉሊያን ባሬ ሲንድሮም ነው። መንገዱን በማስረዳት ረገድ የጃፓን ሐኪሞች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ኖቡሂሮ ዩኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምፒሎባክተር ተቅማጥ በኋላ በሽታው በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ጂ.ኤም.1 የተባለውን የነርቭ ጋንግሊዮሳይድ የሚያጠቃ አንቲቦዲ እንዳለ ዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ጂ.ኤም.1ን የሚመስል ቅርጽ እንዳለውና በዚሁ የተከተቡ ጥንቸሎች እግራቸው እንደሚዝል አሳዩ። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መሣሪያ የራሱን ነርቭ ይመታል ማለት ነው።

የመተንፈሻ ጡንቻ ሲደክም ሕይወትን የሚያሳልፈው በሰዓቱ የሚገኝ የመተንፈሻ መሣሪያ ነው፤ ኢሚውኖግሎቡሊንና የፕላዝማ ልውውጥ ውድ ናቸው፣ በብዙ ሆስፒታሎቻችንም አይገኙም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በድንገት እግሩ ሲዝል ለፖሊዮ ቅኝት ወዲያው ማስታወቅ ግዴታችን ነው፤ ከእነዚህ ሕፃናት ፖሊዮ ያልሆነባቸው ብዙዎቹ ጉሊያን ባሬ የያዛቸው ናቸው። ሰገራ ለመሰብሰብ ስንሄድ ባለፉት ሳምንታት ተቅማጥ እንደነበረ መጠየቅ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

አንድ ምሽት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለአጭር ሥልጠና በጃፓን በነበረበት ወቅት፣ አንድ አንጋፋ ሐኪም ሰልጣኞቹን በሙሉ ወደ አንድ አነስተኛ ያኪቶሪ ቤት ጋበዙን። ቢራ ተቀዳ፣ ስንጥሩ በየተራ መጣ፣ ባዶው ስንጥር በባንኮኒው ላይ ባለው ሸክላ ውስጥ ይከማች ጀመር። ከዚያ መካከሉ እርጥብ የሆነ ጉበት ቀረበ። ጋባዣችን «የቤቱ ምርጥ ነው፣ ከዛሬው ዶሮ ነው» አሉ። ታላቅ ሰው በእጁ ያቀረበውን መመለስ እንደ እኛ ባህል ሁሉ እዚያም ይከብዳል። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ዋሸሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ከሌላ አገር የመጣ ባልደረባችን ግን አክብሮ በላ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ በአምስተኛው ብርቱ ቁርጠትና ተቅማጥ ተከተለ። እርሱም እኛም የጠረጠርነው የሥልጠናውን ካፌ ነበር። የድንገተኛ ክፍሏ ወጣት ሐኪም ገና ሆዱን ሳትነካ የጠየቀችው «በዚህ ሳምንት ዶሮ በልተዋል? በደንብ በስሎ ነበር?» የሚለውን ነበር። ሰገራው ተመረመረ፣ ካምፒሎባክተር ተገኘ፤ እርሱም በስድስት ቀን ዳነ። ለሚቀጥለው ወር እግሩን በየቀኑ በመዶሻ ሲፈትን እናየው ነበር፤ ሐኪም መሆን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያስቀጣል።

ጋባዣችን ነገሩን ሲሰሙ አፈሩ፤ ከዚያም አንድ ነገር አስተማሩን። በጃፓንኛ «ዮኩ ያኪ ዴ» ማለት «በደንብ ይጠበስልኝ» ማለት ነው፤ ተራ ትእዛዝ እንጂ ስድብ አይደለም። በመሰናበቻችን ሳምንት ወደዚያው ቤት ተመልሰን ሄድን። ባልደረባችን ጉበት አዘዘና ቃሉን ተናገረ። ጠባሹ ራሱን ነቀነቀ፣ ስንጥሩን ወደ ፍሙ መልሶ እያገላበጠ ቆየ፤ ቆርጦ ሲያሳየው መካከሉ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ ነበር።