በክሬሽቻቲክ የሚያልፈው ጦር፦ የዩክሬን የነጻነት ቀን ሰልፍና ፖለቲካዊ ትርጉሙ

ዩክሬን የነጻነት ቀኗን የምታከብረው በየዓመቱ ኦገስት 24፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 18 ቀን ነው። በ1991 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ዕለት ኪየቭ ውስጥ የተሰበሰበው ምክር ቤት አገሪቱ ከሶቭየት ኅብረት መለየቷን አወጀ። ሞስኮ ላይ የኅብረቱን መሪ ሚካኤል ጎርባቾቭን ለመጣል የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጪ አዋጁን አጸደቀ። ነጻነቱ የተገኘው በጥይት ሳይሆን በድምፅ ነው። ስለዚህም ይህን ቀን በታንክና በወታደር ሰልፍ ማክበር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ከበዓሉ ጋር አብሮ ኖሯል። መንግሥታት ሰልፉን አንዴ ሲያወጡት፣ አንዴ ሲያስቀሩት፣ አንዴም መልኩን ሲቀይሩት ቆይተዋል፤ እያንዳንዱ ውሳኔም የየዘመኑን ፖለቲካ ያሳያል።

ሰልፉ ሲካሄድ የኖረው የኪየቭን መሃል አቋርጦ በሚያልፈው ሰፊ ጎዳና፣ በክሬሽቻቲክ ነው። ጎዳናው በሶቭየት ዘመንም የሰልፍ ቦታ ነበር። ሜይ 1 ቀን የሠራተኞች በዓል፣ ኖቬምበር 7 ደግሞ የጥቅምት አብዮት መታሰቢያ እዚያው ይከበሩ ነበር። ሥርዓቱ በመላው ኅብረት አንድ ዓይነት ነበር፦ የፓርቲው መሪዎች ከፍ ባለ ትሪቡን ላይ ይቆማሉ፤ እግረኛው ጦር አንገቱን ወደ ትሪቡኑ መልሶ በረድፍ ያልፋል፤ ብረት ለበስ ተሽከርካሪና ሚሳኤል ይከተላል። ይህ ሥርዓት ሶሻሊዝምን በተከተሉ ብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ነበር። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ በአብዮት አደባባይ፣ በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ መስከረም 2 ቀን ይታይ የነበረው ሰልፍም የዚሁ ወገን ነው። በዚህ ዓይነቱ ሰልፍ ሕዝቡ አይናገርም፣ ያልፋል፤ መሪው አይጠየቅም፣ ይመለከታል።

የዚህን ሥርዓት አደገኛነት ኪየቭ በ1986 በገዛ አካሏ አይታዋለች። ኤፕሪል 26 ቀን ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አራተኛው ማብላያ ፈነዳ። ከአምስት ቀን በኋላ ነፋሱ ጨረሩን ወደ ከተማዋ እየነዳ ሳለ የሜይ 1 ሰልፍ እንዳይቀር ተወሰነ። በበዓል ልብስ ያጌጡ ሕፃናት ሳይቀሩ በክሬሽቻቲክ አለፉ። ሰልፉ የተፈለገው ሁሉ ነገር ሰላም ነው ለማለት ነበር። ይህ ትዝታ ለብዙ ዩክሬናውያን ለነጻነት ካነሳሷቸው ቁጭቶች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ከነጻነት በኋላ አዲሱ መንግሥት የሠራዊት ችግር የገጠመው እጥረት ስላለበት አልነበረም። በግዛቱ ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ የሶቭየት ወታደሮች ነበሩ። ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ እነዚህ ወታደሮች ለዩክሬን ሕዝብ ታማኝ ለመሆን ቃለ መሐላ እንዲፈጽሙ ተጠየቁ፤ አብዛኞቹም ፈጸሙ። ስለዚህ በ1990ዎቹ የተካሄዱት ሰልፎች ዋና መልእክት የመሣሪያ ብዛት አልነበረም። ትናንት ከሞስኮ ትእዛዝ ይቀበል የነበረው መኮንን ዛሬ በሰማያዊና ቢጫ ሰንደቅ ፊት ለዩክሬን ፕሬዚዳንት ሰላምታ ሲሰጥ፣ ሠራዊቱ የማን እንደሆነ በአደባባይ መመስከሩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ መልእክት የተለመደ ነገር ሆነ፤ ሰልፉም አንዳንድ ዓመት እየተዘለለ፣ በፕሬዚዳንት ቪክቶር ያኑኮቪች ዘመን ጨርሶ ቀረ።

በ2014 ሁኔታው ተለወጠ። ሩሲያ ክሪሚያን ወደ ግዛቷ ጠቀለለች፣ በምሥራቅ በዶንባስ ጦርነት ተነሣ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ፔትሮ ፖሮሼንኮ በዚያ ዓመት ኦገስት ሰልፉን መለሱት። ከሰልፈኞቹ መካከል ከክሬሽቻቲክ በቀጥታ ወደ ግንባር የሚሄዱ ክፍሎች ነበሩበት። በዚያው ሰሞን ግን በኢሎቫይስክ ከተማ ዙሪያ የዩክሬን ጦር እየተከበበ ነበር፤ በዚያ ውጊያ ከ300 በላይ ወታደሮች አለቁ። ብረት ለበሱ ኪየቭ ላይ ከሚታይ ግንባር ላይ ቢገኝ አይሻልም ነበር ወይ የሚል ቁጣም ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መሣሪያ እየጎደለው ለሚዋጋ ወታደር ሰልፍ ምትክ አይሆነውም።

በዚያው ኦገስት 24 ሌላ ሰልፍም ታይቷል። ዶኔትስክ ከተማ ላይ በሩሲያ የሚደገፉት ተገንጣዮች በርካታ የዩክሬን ምርኮኞችን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በአደባባይ አስኬዷቸው። በግራና በቀኝ የቆመው ሕዝብ ሲሰድባቸው፣ ከኋላቸው የመንገድ ማጠቢያ መኪኖች የረገጡትን አስፋልት በውሃ እያጠቡ ይከተሉ ነበር። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛን ከስድብና ከአደባባይ መታያነት መጠበቅ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። በአንድ ቀን የወጡት ሁለቱ ሰልፎች የዚህን ሥርዓት ሁለት ፊት ያሳያሉ፦ አንዱ የራስን ወታደር ማክበሪያ፣ ሌላው የጠላትን ወታደር ማዋረጃ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሰልፉ ለውጭ ተመልካች የሚናገረው እየበዛ ሄደ። በ2017 ከዩክሬናውያኑ ጋር የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የሌሎች አገሮች ወታደሮች አብረው ተሰለፉ፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ማቲስም በእንግድነት ተገኙ። በ2018 ደግሞ ከሶቭየት ዘመን የወረደው የሰላምታ ልውውጥ ቀርቶ “ክብር ለዩክሬን” የሚለው ከነመልሱ በሰልፉ ላይ ተሰማ። ለኔቶ አባል አገሮችና ለሞስኮ የተላለፈው መልእክት አንድ ነበር፤ ይህ ጦር ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ማሳየት።

በ2019 ፕሬዚዳንት የሆኑት ቮሎዲሚር ዜለንስኪ ሰልፉን ሰረዙት። ለዝግጅቱ የሚወጣው 300 ሚሊዮን ህሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) ለወታደሮች በጉርሻ መልክ እንዲሰጥ አዘዙ፤ በሰልፉ ምትክም ሐኪሞች፣ አትሌቶች፣ አርቲስቶችና ወታደሮች አብረው የታዩበት ዝግጅት ተደረገ። የቀድሞ ተዋጊዎች ግን አልተቀበሉትም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ የራሳቸውን ጉዞ አደራጁ፤ በጦርነቱ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችም ፎቶ ይዘው ተገኙ። ይህ ጉዞ ከመንግሥት ትእዛዝ ውጪ፣ በዜጎች ፈቃድ የወጣ ነበር። ከ1986ቱ ጋር ሲነጻጸር የሰልፉ ባለቤት ምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ውጣ ተብሎ ወጣ፣ አሁን መንግሥት አይውጣ ያለውን ሕዝቡ ራሱ አወጣው።

በ2021፣ በ30ኛው ዓመት፣ ሰልፉ በድምቀት ተመለሰ። ከክሬሽቻቲክ በላይ ካለፉት አውሮፕላኖች አንዱ ባለ ስድስት ሞተሩ አንቶኖቭ 225 “ምሪያ” ነበር፤ በዓለም ትልቁ የጭነት አውሮፕላን የነበረ ሲሆን ከአንድ በላይ ተሠርቶ አልበረረም። ልክ በስድስት ወሩ ሩሲያ ሙሉ ወረራ ስትከፍት፣ አውሮፕላኑ በኪየቭ አቅራቢያ በሆስቶሜል አየር ማረፊያ ወደመ።

የ2022 የነጻነት ቀን የወረራው ስድስተኛ ወር ከሞላበት ዕለት ጋር ገጠመ። የሚሳኤል ጥቃት ስለሚያሰጋ ኪየቭ ውስጥ በብዛት መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያው ዕለት ቻፕሊኔ በተባለ የባቡር ጣቢያ ላይ የደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ክሬሽቻቲክ ግን ባዶ አልነበረም። የተቃጠሉና የዛጉ የሩሲያ ታንኮችና ብረት ለበሶች በጎዳናው ተደርድረው ነበር፤ ሕፃናት ሲወጡባቸው፣ ወላጆች ፎቶ ሲያነሱ ዋሉ። ኪየቭን በጥቂት ቀናት እንይዛለን ብሎ ለተነሣው ጦር የተሰጠ መልስ ነበር፦ ታንኮቹ ክሬሽቻቲክ ደርሰዋል፣ ግን ተጎትተው። በ2023ም እንዲሁ ተደረገ። ትሪቡን አልነበረም፤ ሕዝቡ እያለፈ መሣሪያው ቆሞ ታየ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። የነጻነት ቀን ሰልፍ ለሦስት ወገኖች ይናገራል፦ ለዜጋው መንግሥት እንዳለው፣ ለወታደሩ አገር እንደምታከብረው፣ ለውጭው ዓለም አገሪቱ የሚቆምላት ጦር እንዳላት። ታንኩ በራሱ ግን የጥንካሬ ማስረጃ አይደለም። በ1986 ኪየቭ ላይ የወጣው ሰልፍ እውነትን ሸፍኗል፤ በ2019 የቀድሞ ተዋጊዎች ያወጡት ደግሞ መንግሥት ሊያልፈው የፈለገውን እውነት አደባባይ አውጥቷል። ልዩነቱ ያለው ሰልፉን ማን ጠራው፣ ማንስ በነጻነት ተቃወመው በሚለው ላይ ነው። ዜጋው ስለ ወጪው፣ ስለ ጊዜውና ስለ አስፈላጊነቱ ሳይፈራ መጠየቅ የሚችልበት ሰልፍ የነጻ አገር ሰልፍ ነው።