ፊደሉ ለምን ሳጥን ሆነ?

ለአክስትዎ በአማርኛ የጻፉት መልእክት እሳቸው ስልክ ላይ ሲደርስ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆነ እንበል። አብዛኞቻችን «አፑ አይሠራም» ብለን አማርረን እንተወዋለን። ይህ አቤቱታ ለሚጠግነው ባለሙያ ምንም አይነግረውም። የብልሽቱን መልክ በደንብ ያየ ሰው ግን የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ቁጥር የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። መልእክት ስንልክ የሚጓዘው ቁጥሩ ነው፤ ቅርጹን የሚስለው በተቀባዩ ስልክ ላይ ያለው ፎንት ነው። ነገሩ የቱ ጋ እንደተበላሸ ከሚታየው ምልክት መገመት ይቻላል።

ባዶ ሳጥን ከሆነ ቁጥሩ በደህና ደርሷል፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ያንኑ መልእክት የአማርኛ ፎንት ወዳለው ስልክ ቢያስተላልፉት በትክክል ይነበባል።

የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ነገሩ ይከፋል። አብዛኛውን ጊዜ በመሀል ያለ ግዕዝን የማያውቅ ፕሮግራም ቁጥሩን ጥሎ በቦታው «?» ተክቷል ማለት ነው። ጽሑፉ ስለጠፋ ፎንት መጫን አይመልሰውም፤ መታረም ያለበት ፕሮግራሙ ነው።

ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ከተዘበራረቁ ደግሞ ስሕተቱ የአነባበብ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ የላቲን ፊደል ካነበበው፣ ባለ 3 ፊደሉ «ሰላም» 9 ምልክት ይሆናል። ባይቶቹ ካልተነኩ ግን ጽሑፉን መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ጥፋቱን ለማጥበብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ያንኑ መልእክት በሌላ ስልክ፣ ቀጥሎ በአክስትዎ ስልክ በሌላ አፕ ይክፈቱት። በሌላው ስልክ ከተነበበ ጣጣው ያለው ከአክስትዎ ስልክ ነው፤ በሌላው አፕ ከተነበበ ደግሞ ከአፑ። አፕዴቱንም፣ ሴቲንጉንም፣ ፎንቱንም በአንዴ ከነካኩ ግን ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አያውቁም። ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ምክንያቱም በጊዜያዊ ማኅደሩ የተዘበራረቀውን ጠርጎ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ማስረጃውንም አብሮ ሊጠርገው ስለሚችል ግን መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሱ።

ችግሩ ከአፑ መሆኑን ካረጋገጡ ለሠሪዎቹ ይጻፉ። ጠጋኙ ብልሽቱን በራሱ መሣሪያ ላይ ደግሞ ማየት ይፈልጋል፤ ያላየውን መጠገን ይከብደዋልና። ስለዚህ ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ደረጃ በደረጃ ምን እንዳደረጉ፣ ምን ይሆናል ብለው እንደጠበቁ፣ በተግባር ምን እንደሆነ። የስልኩን ሞዴልና የአፑን ቨርዥን ይጨምሩ። ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው? የስሕተት መልእክት ከወጣ በራስዎ ቃል አያሳጥሩት፤ እንዳለ ይገልብጡት። የተበላሸውንም ጽሑፍ ከፎቶው ጋር በጽሑፍነቱ ይላኩ፤ ባለሙያው ከሥሩ ያሉትን ቁጥሮች ማየት የሚችለው እንደዚያ ነው። ከብልሽቱ በፊት የነካኩት ነገር ካለም አይደብቁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንድ ደብዳቤ አንድ ችግር ብቻ ይያዝ።

እኛን የሚመለከት አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ሰዓት። ሠሪዎቹ ብልሽቱን የሚፈልጉት በሰርቨራቸው መዝገብ ውስጥ በሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የምንለው በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች በሚመዘግቡበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ይሆናል። «3 ሰዓት» ብለው ከላኩ ሠሪዎቹ ባዶ ገጽ ያገላብጣሉ። የፈረንጁን ሰዓትና ቀን ጽፈው «የአዲስ አበባ ሰዓት» የሚል ያክሉበት።

ከመላክዎ በፊት ስክሪንሾቱን አንዴ ይመልከቱት፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የሌላ ሰው መልእክት ካለበት ይሸፍኑት። የይለፍ ቃልዎንና በኤስኤምኤስ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ግን ማንም ቢጠይቅዎ አይስጡ፤ ብልሽት ለመጠገን አያስፈልጉም።