ባለአክሲዮኖችን ያከሰረው የሐዲድ ስንጥቅ

እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ለንደን ውስጥ የሬይልትራክ ኩባንያ አንድ አክሲዮን ከ17 ፓውንድ በላይ ያወጣ ነበር። ጥቅምት 2001 ላይ ግብይቱ ሲታገድ የመጨረሻው ዋጋ 2 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ሆነ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ ዋነኛው ግን የአንድ ሐዲድ መሰበር ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 2000 ከለንደን ወደ ሊድስ የሚሄድ ባቡር ሃትፊልድ አጠገብ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ከሐዲዱ ወጣ። 4 ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱ ከ300 በላይ ስብርባሪ ሆኖ ተገኘ። የሚያስቆጨው፣ ስንጥቁ አስቀድሞ መታወቁ ነው፤ የሚተካው አዲስ ሐዲድ እንኳ መጥቶ እዚያው አጠገብ ተጋድሞ ነበር።

ገንዘቡን የበላው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኩባንያው በሌሎች መስመሮቹ ላይ ያሉት ስንጥቆች የትኞቹ አደገኛ፣ የትኞቹ ቀላል እንደሆኑ መለየት አልቻለም። ስለዚህ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ቦታዎች ባቡሮች ቀስ ብለው እንዲሄዱ አዘዘ። ለጥገናና ለካሣ የወጣው ወደ 580 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቷል።

ለመሆኑ መለየት ለምን አቃተው? የተለመደው መመርመሪያ አልትራሳውንድ ነው። ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፣ ከስንጥቅ ተጋጭቶ የሚመለሰውን ያዳምጣል። በብረቱ ሆድ ውስጥ ላለ ጉድለት ጥሩ ነው። መንኮራኩር ደጋግሞ በሚረግጠው የሐዲድ ጠርዝ ላይ የሚፈጠሩት ጸጉር መሳይ ስንጥቆች ግን ሲበዙ ድምፁን ከላይ ይመልሱታል፤ ከሥር ያለው ይሸፈናል።

በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራው ዘዴ ይህን ክፍተት ይሞላል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሽቦ ጥቅልል ሐዲዱን ሳይነካ ከላዩ ያልፋል። በብረቱ ገጽ ላይ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ስንጥቅ ሲገጥመው አዙሪቱ ዞሮ ለማለፍ ይገደዳል፤ ለውጡም ወዲያው በጥቅልሉ ላይ ይነበባል። ስንጥቁ በጠለቀ ቁጥር ምልክቱ ይጨምራል። አልትራሳውንድ የሚፈልገው ውኃ እዚህ አያስፈልግም፤ ባቡሩም በፍጥነት እየሄደ ይለካል። መስመር በተዘጋ ቁጥር ገቢ ለሚቆምበት ባለቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪ በ1928 ኤሌክትሪክ በሐዲድ ውስጥ እያሳለፈ ጉድለት የሚያገኝ ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር።

ትርፉ የሚገኘው ጥልቀቱ ሲታወቅ ነው። ስንጥቁ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይገባ ከተደረሰበት ሐዲዱ ከላዩ ተሞርዶ ለዓመታት ያገለግላል፤ ካለፈ ግን ተነቅሎ መቀየር አለበት። በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይገምተዋል። መሣሪያውን የሚሸጥ ሰው ግን «ይህ ብቻ ይበቃል» ካለ አይታመን፤ ከገጹ ሥር ርቆ ያለውን አያይም፣ አልትራሳውንዱም አብሮ መገዛት አለበት።