የፕላስቲክ ቤት በከተማ፦ ከብርድ ይልቅ ለዝናብ

በአዲስ አበባና በመሰል የደጋ ከተሞች፣ በየሰፈሩ በሚገኝ ክፍት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ቤት ሠርተው አትክልት በማምረት ለአካባቢው ነዋሪ የሚያቀርቡ ማኅበራትና ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ቤቱ የሚያስፈልገው ሙቀት ለመያዝ ብቻ ስለሚመስላቸው ዙሪያውን ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። በዚህም የተነሣ የደከሙበት ቲማቲም ለገበያ ሳይደርስ ይጠፋል።

እንደሚታወቀው በደጋ አካባቢ በክረምት ወራት የቲማቲም ዋነኛ ጠላት ዝናብ ነው። «ሌት ብላይት» የተባለው በሽታ አየሩ ቀዝቅዞ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ በፍጥነት ይዛመታል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ለታላቅ ረሀብ ምክንያት የሆነውም ይኸው በሽታ ነው። ስለሆነም የፕላስቲክ ጣሪያ የመጀመሪያ ጥቅሙ እንደ ጃንጥላ ቅጠሉን ከዝናብ መጠበቅ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ግን እንፋሎቱ ሌሊት በፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ቀን ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል።

በመሆኑም የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል፦

ሀ. በቤቱ ግራና ቀኝ 1 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ የሚጠቀለልና የሚወርድ ፕላስቲክ ማድረግ፤ ጧት መክፈት፣ ውርጭ በሚያሰጋበት ሌሊት ብቻ መዝጋት።

ለ. ችግኙን በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በችግኞች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር አራርቆ መትከል። ስፋቱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቤት በ4 መስመር 80 ያህል ችግኝ ይይዛል።

ሐ. ግንዱን በሲባጎ ወደ ላይ መሳብ፤ ውሃውን ጧት ከሥሩ ማጠጣት እንጂ በቅጠሉ ላይ አለመርጨት።

መ. በቤቱ ውስጥ ንፋስ አነስተኛ ስለሆነ፣ ፍሬ እንዲይዝ አበባ ያለውን ተክል ረፋድ ላይ ቀስ አድርጎ መነቅነቅ።

ሠ. ከጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ ማሠር። በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 5 በርሜል ውሃ ይገኛል። ይኸውም የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ እየቀዱ ከማጠጣት ያድናል።

ረ. በቲማቲም ቦታ ላይ ቃሪያ፣ ድንች ወይም ቲማቲም አከታትሎ አለመትከል። ጎመንና ቆስጣ በደጅም ስለሚበቅሉ ቤቱን ለቲማቲም መተው፤ በየመሐሉ ግን ሰላጣ እየዘሩ ማፈራረቅ ይበጃል።

በመጨረሻም፣ የጋራ ቤት የሚበላሸው ሁሉም «ሌላው ይከፍተዋል» እያለ ሲተወው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ችግኝ ከመትከሉ በፊት ጧት የሚከፍተውንና ማታ የሚያየውን አባል በተራ መድቦ የተራውን ዝርዝር በበሩ ላይ ይለጥፍ። የታመመ ቅጠል ያየ አባልም የሌላውን ተራ ሳይጠብቅ ወዲያው ቆርጦ ከቤቱ ርቆ ይቅበረው።