ውሃ አሳልፎ ጨው የሚያስቀር ስስ ገጽ

በወላይታዋ አረካ ዙሪያ እንሰት ተፍቆ ቡላ ሲወጣ ያየ ሰው ሜምብሬን የሚባለውን ስስ ማጣሪያ የሚሠሩ ሰዎችን ራስ ምታት ለመረዳት አይቸገርም። የተፋቀው እንሰት ሲጨመቅ ነጩ ውሃ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ማጥለያው ከሳሳ ቆሻሻው አብሮ ያልፋል፤ ጥቅጥቅ ካለ ደግሞ ክንድ ያዝላል፣ ሲጠነክሩበትም ይቀደዳል።

የፍሳሽ ውሃ የሚያጣራው የፖሊመር ሜምብሬን ችግርም ይኸው ነው። ለአልትራፊልትሬሽን የሚያገለግለው ዓይነት ቀዳዳው ከ0.1 ማይክሮን አይበልጥም፤ ባክቴሪያ አያልፈውም። የሪቨርስ ኦስሞሲሱ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው ሳይቀር ያስቀራል።

አሠራሩን ላየው ቀላል ይመስላል። እንደ ፖሊሰልፎን ያለ ፖሊመር በኬሚካል ይሟሟል፣ መስተዋት ላይ በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ኬሚካሉ ሲወጣና ውሃው ሲገባ ፖሊመሩ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይረጋል። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፖሊመሩ ከበዛ ገጹ ይጠነክራል፣ ውሃ ግን እንቢ ይላል። ቀዳዳ እንዲበዛ ሌላ ነገር ከተጨመረበት ከገጹ ሥር ረጃጅም ባዶ ቦታዎች ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ውሃው እንደ ልቡ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲበረታ ግን አካሉ ይደቅቃል።

መውጫው የተገኘው የማጣራቱንና ግፊት የመቻሉን ሥራ ለሁለት በመክፈል ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው የሴሉሎስ አሲቴት ገጽ ጨውን ይይዝ ነበር፤ የሚያሳልፈው ውሃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1960 ገደማ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዚያው ፖሊመር ላዩ እጅግ ስስና ጥብቅ፣ ከሥሩ ግን ቀዳዳማ የሆነ ገጽ ሠሩ። በ1970ዎቹ ጆን ካዶት አንድ እርምጃ ሄደ፤ 0.2 ማይክሮን ገደማ የሆነ የፖሊአማይድ ገጽ በፖሊሰልፎን ላይ፣ ፖሊሰልፎኑን በፖሊስተር ጨርቅ ላይ አደረገ። ከሰው ፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ የሚያንሰው ገጽ ጨው ይለያል፤ ሸክሙን ከሥሩ ያሉት ይችሉታል። ዛሬም የሪቨርስ ኦስሞሲስ ገበያ በአብዛኛው በዚህ ይሠራል።

ለወላይታ ሰው ቅርቡ ምሳሌ ሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ጨውና ቀለም መሄጃ የለውም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለዚህ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ጠብታ ፍሳሽ እንዳይለቅ ተደርጎ ተገነባ። ውሃው መጀመሪያ በረቂቅ ተሕዋስያን ይታከማል፣ ከዚያ በሜምብሬን ተጣርቶ ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል፤ የተረፈው ጨዋማ ውሃ ተንኖ ጨው ብቻ ይቀራል። ውድ ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሐይቅ ግን በዛ አልልም።

ስለ ጥንካሬ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እጥበት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ገጹ እስኪበጠስ ተስቦ ጥንካሬው በሜጋፓስካል ይነገራል፤ ሥራ ላይ ግን ሜምብሬኑን የሚገድለው በአብዛኛው ላዩ ላይ የሚጋገረው ዝቃጭና እሱን ለማስለቀቅ የሚፈስበት ኬሚካል ነው። ፖሊአማይድ ለምሳሌ ለእጥበት የሚውለውን ክሎሪን አይችልም። ፒቪዲኤፍ የተባለው ፖሊመር ይችለዋል፤ ፍሳሽ ውስጥ ተነክሮ ለሚሠራ ሜምብሬን የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

አረካን ለመሰለ ከተማ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ቅንጦት ነው፤ የቤት ፍሳሽ ጨው ማውጣት አያስፈልገውም። ርካሹ መንገድ ፍሳሹን ተራ በተራ በሰፋፊ ኩሬዎች ማሳለፍ ነው። ኩሬ ግን መሬት ይበላል፤ ወላይታ ደግሞ በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው ገጠሮች አንዱ ነው፤ የእንሰት ጓሮ ነቅላችሁ ኩሬ ቆፍሩ ማለት ለተናጋሪው ብቻ ነው የሚቀለው። ተነክሮ የሚሠራው ሜምብሬን ጥቂት ቦታ ይበቃዋል፣ ከአንድ ባር ባነሰ ግፊትም ውሃ ይስባል፤ ነገር ግን ቀን ከሌሊት አየር ካልተነፋለት ይደፈናል፤ ለዚህም የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ሻጭ መጥቶ በሰዓት ይህን ያህል ሊትር ያሳልፋል ሲል፣ ቁጥሩ የአዲስ ሜምብሬን ነው ወይስ ዓመት ሙሉ ሲታጠብ የከረመ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።