በጽኑ ሕሙማን ክፍል የአንቲባዮቲክ አስተዛዘዝ፦ ከጀመርን በኋላ ምን እናድርግ?

ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ጽኑ ሕመምተኛ ሕክምናው ሳይዘገይ ሊጀመርለት እንደሚገባ ሁላችንም የምንስማማበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ ሾክ ላይ ለደረሰ ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ሾክ ከሌለና ኢንፌክሽን መኖሩ አጠራጣሪ ከሆነ ግን በፍጥነት ተመርምሮ፣ ጥርጣሬው ከጸና በ3 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ያሳስባል። ችግር የሚፈጠረው በጥድፊያ መጀመሩ ላይ ሳይሆን፣ የተጀመረው መድኃኒት ዳግም ሳይመረመር ሲቀጥል ነው።

ተረኛ ሐኪም በሌሊት ያዘዘው ሴፍትሪያክሶን፣ ቫንኮማይሲን ወይም ሜሮፔነም በማግሥቱ ሌላ ሐኪም ይረከበዋል፤ እርሱም እንዳለ ያስቀጥለዋል። የዚህ ምክንያቱ ፍርሃት እንጂ ስንፍና አይደለም። መድኃኒቱ ቆሞ ሕመምተኛው ቢባባስ ያቆመው ሐኪም ይጠየቃል። መድኃኒቱ ያለ አስፈላጊነት ቀጥሎ፣ ቆይቶ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሌላ ሕመምተኛ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ቢያዝ ግን ማንም አይጠየቅም። ሕመምተኛው ራሱም ቢሆን ለኩላሊት ጉዳትና ለብርቱ ተቅማጥ ሊጋለጥ ይችላል።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚታይ ትኩሳት ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። የደም መርጋት፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም መድኃኒቱ ራሱ ሊያስከትለው ይችላል። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዳ ሕመምተኛ አክታ የተገኘ ባክቴሪያም የበሽታ ምልክት ከሌለ ብቻውን ሕክምና አያስፈልገውም።

የሕክምናው ርዝመትም ቢሆን ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ 51 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናት ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር በተያያዘ የሳንባ ምች ለተያዙ 401 ሕሙማን የ8 ቀንና የ15 ቀን ሕክምናን አነጻጽሮ በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ እንደ ሱዶሞናስ ባሉ ባክቴሪያዎች ግን በአጭሩ ሕክምና ኢንፌክሽኑ የማገርሸት ዕድል ጨምሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የ3,608 ሕሙማን ጥናት ደግሞ በደም ውስጥ ኢንፌክሽን የ7 ቀን ሕክምና ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ ናቸው። ሆኖም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተገኘባቸውና በሽታን የመከላከል አቅማቸው በእጅጉ የተዳከመ ሕሙማን በጥናቱ ስላልተካተቱ ውጤቱ ለእነርሱ አይሠራም።

ስለዚህ በየክፍሉ የሚከተሉትን ማስለመድ ይቻላል።

1. ሕክምናውን በማያዘገይ ሁኔታ፣ ከመጀመሪያው መጠን በፊት ለካልቸር ደም መውሰድ።

2. ማዘዣው ላይ የተጠረጠረውን ኢንፌክሽንና መድኃኒቱ የሚገመገምበትን ቀን መጻፍ።

3. ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐኪሙ፣ ነርሷና ፋርማሲስቱ በአንድነት «ይቁም? ይጥበብ? ይቀጥል?» ብለው መወሰን፤ ውሳኔውንም በቻርቱ ላይ ማስፈር።

የካልቸር አገልግሎት በሌለበትም ግምገማው አይቀርም። የሕመምተኛው ሁኔታ መሻሻልና ሌላ የሕመም መንስኤ መገኘት ለውሳኔ ይረዳሉ።

ይህ ሥራ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሊሆን አይገባም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በፋርማሲስቶች መሪነት በተኝቶ ታካሚዎች ላይ ይካሄድ የነበረው ክትትል ሲቋረጥ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም መልሶ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አመልክቷል። የመገምገሚያው ቀን በማዘዣው ላይ ከተጻፈና ውሳኔው የቡድኑ ከሆነ፣ መድኃኒት የማቆም ኃላፊነት በአንድ ተረኛ ሐኪም ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም።