የሲራራ ነጋዴ የመንገድ ዕቃ በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መንገድ፣ የሲራራ ነጋዴ ትርፍ በገበያ ዋጋ ብቻ የሚለካ አልነበረም፤ ዕቃው ሳይረጥብ፣ የበቅሎውም ጀርባ ሳይገጠብ መድረሱ የትርፉ ግማሽ ነበረ። አሞሌ ጨው ዝናብ ካገኘው ይሟሟልና መሸፈኛ ቁርበት ግድ ይል ነበር። እህል በስልቻ፣ ውሃ በቅል፣ ስንቅ በአገልግል ይያዛል፤ ጭነቱም በጠፍር መጫኛ ይጠበቃል።

ገመድ ለሰውም ሕይወት ነበረ። ሞጣን ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1632–1667) እንደ ተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ፤ መንገደኛውም ከነዕቃው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር።

ዛሬ በስልቻ ፈንታ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በቅል ፈንታ ጀሪካን፣ በጠፍር ፈንታ የናይሎን ገመድ ገብቷል። ዳሩ ግን ቀጭን ናይሎን የእንስሳውን ገላ ይቆርጣል፤ የቆሰለ አህያም ሥራ ይፈታል፤ ባለቤቱም ከገበያ ይቀራል። ስለዚህ አስመጪውና ባለሱቁ ከርካሹ ገመድ ጎን ሰፊ ማሰሪያና ከጭነት ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ ቢያቀርቡ፣ ለገበሬው የሚበጀው ለእነርሱም ንግድ ይበጃል።